የመስኮቷ ሴትዮ አራት ሰከንድ

ዛሬ ማክሰኞ፣ መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ፊልም በመቁረጥና በመቀጠል የኖርሁ ሴት፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሐኪሜ፣ በጎረቤቴ በጡረተኛው መምህርና በሲኒማ ቤቱ ፊልም አሳዪ ፊት ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ጸሐፊው መምህሩ ናቸው።

ቤቴን ከነዕቃው ለሟች እህቴ ልጅ አውርሻለሁ። የወንድሜ ልጆች ቅር አይበላቸው፤ የአባታቸውን ቤት ሲሸጡ አላማከሩኝም። የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ፊልም አሳዪው ይውሰድ፤ አንድ እግሩ አጭር ነውና ካርቶን ያስደግፈው።

ለእህቴ ልጅ የምሰጠው ሌላም አለ። አስቀድሜ ግን ልናዘዝ።

እህቴ በሠላሳ አንድ ፊልሞች ተውናለች። ሁልጊዜ በመስኮት ወደ መንገድ የምታይ ጎረቤት ስለሚያደርጓት፣ ተመልካቹ «የመስኮቷ ሴትዮ» ይላት ነበር እንጂ ስሟን አያውቅም። በየዓመቱ በሽልማቱ ዕለት የሚታየውን የሟች ተዋንያን መታሰቢያ የማዘጋጀው እኔ ነበርሁ። እሷ በሞተች ዓመት ስሟ ከዝርዝሩ መጨረሻ ነበረ። ቆርጬ ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ የሽልማቱ ኮሚቴ እጁ የለበትም። እናታችንን ሰባት ዓመት ያስታመምሁ እኔ ስሆን፣ በመጨረሻ ትንፋሿ የጠራችው እህቴን ነበር። ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ሻገተ።

በሽልማቱ ዕለት ልጇ የእናቷን ቀሚስ ለብሳ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ለማጨብጨብ እጇን እንዳነሣች መታሰቢያው አልቆ መብራቱ በራ።

«አክስቴ፣ እማዬን ዘለሏት እኮ።»

«ሰዓት አልበቃ ብሏቸው ነው» አልኋት።

ወር ሳይሞላ አንድ አሮጌ ፊልም ስጠግን፣ እህቴ በመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ አገኘኋት። ያን ፊልም በእጄ የቀጠልሁት እኔ ነኝ፤ ፊቷ ነበር የሚታየው። ሌላ ቅጂ አስመጣሁ፤ እዚያም ጀርባዋ ነው። ፊልም አሳዪውን ጠርቼ አሳየሁት።

«እትዬ፣ ይህን ፊልም ስንቴ አሳይቼዋለሁ፤ እኚህ ሴትዮ እዚህ ጋ ይስቁ ነበር» አለና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ሠላሳ አንዱንም አየናቸው። በአንዱም ፊቷን አላገኘንም።

የቀረው ያኔ ከመታሰቢያው ቆርጬ በቆርቆሮ ሣጥን የደበቅሁት አራት ሰከንድ ነው። እሱን ለልጇ አውርሻለሁ። ልጄ፣ ይቅር በይኝ።

ይህን ስናገር የእህቴ ልጅ በሩን ተደግፋ ትሰማ ነበር።

«አሁን ይታይ» አለች።

መጋረጃው ተዘግቶ፣ ፊልም አሳዪው ባመጣው ማሳያ በግድግዳው ላይ ታየ። እህቴ ፊቷን ወደ እኛ አድርጋ በመስኮቱ ቆማ ነበር። በዓይኗ ክፍሉን ቃኘች፤ ልጇ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ዐረፈ። ከዚያ እጇን ሰዳ መስኮቱን ከውስጥ ዘጋችው። ይህ ቁራጭ በተወሰደበት ፊልም መስኮት የሚዘጋበት ቦታ የለም። ደግመን ስናሳየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተዘጋ መስኮት ብቻ ነው።

ቢሆንም በሚመጣው ዓመት መታሰቢያ፣ ከሥሩ ሙሉ ስሟ ተጽፎ፣ አራቱም ሰከንድ ሳይጎድል ይታይ። የእኔ ሥዕል አይግባ። ቃሌ ይኸው ነው፤ ጣቴን አኑሬበታለሁ።

ሐኪሙ፦ ተናዛዧ በሙሉ አእምሮአቸው ነበሩ፤ እኔም ነበርሁ።

መምህሩ፦ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌ ፈርሜአለሁ።

ፊልም አሳዪው፦ ፊልሙን ከማሳየት በቀር አልነካሁትም፤ ለዚህ እፈርማለሁ።

ወራሿ፦ ቤቱንና ፊልሙን ተቀብያለሁ። ስለ ይቅርታው ገና አልፈረምሁም።