ስለ ባለቤቴ ንጹሕ ደምና ስም ስላልወጣላት ልጄ

ለቅድመ ጋብቻ የደም ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሊማሶል፣ ቆጵሮስ

ቀን፦ መጋቢት 12

ጉዳዩ፦ ለባለቤቴ የተሰጠው «ነጻ» የሚል የደም ማረጋገጫ ታርሞ፣ በእኔ ላይ የወደቀው ነውር እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ሮዱላ ሐጂስቲሊ የአኖ ሊቫዶሪ መንደር ነዋሪ ነኝ። ታላሲሚያ የተባለው የሚወረስ የደም በሽታ ተሸካሚ መሆኔን፣ ራሴን ባያሳምመኝም፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃለሁ፤ ደብቄውም አላውቅም። ተሸካሚ ከተሸካሚ ቢጋባ የሚወለደው ልጅ ዕድሜ ልኩን ደም እየተሰጠው ሊኖር እንደሚችል እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ስለዚህም የመንደራችን ቄስ ሳቫስ የእናንተን ወረቀት ያልያዘ ሰው አያጋቡም። ባለቤቴን ኔዮፊቶስን ያገባሁት «ነጻ» የሚለውን ማረጋገጫችሁን በዓይኔ አይቼ ነው። ያን ቀን እፎይ ማለቴ ዛሬ ያናድደኛል።

2. ሴት ልጅ ወለድን። ዓመት ሳይሞላት ፊቷ ገረጣ፤ ጡት መጥባት አቃታት። ታላሲሚያ ነው ተባለ። ይህ በሽታ ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ አይመጣም። የእኔ ይታወቃል፤ የአባቷ ወረቀት ግን «ነጻ» ይላል። ክቡርነትዎ እንደሚገምቱት መንደሩ የቀረውን ለመሙላት አልተቸገረም።

ቀድመው የተናገሩት አማቴ ወይዘሮ ቴዎግኖስያ ናቸው። በእኛ ልማድ የመጀመሪያ ሴት ልጅ ክርስትና ስትነሣ የአባቷን እናት ስም ትወስዳለች። እሳቸው ግን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ሰው እየሰማቸው፣ «ስሜን ለማን ልጅ ነው የምሰጠው? አባቷ ሲገኝ የእናቱን ስም ያውጣላት» አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ከእህቴ ነው። ክርስትናው ቀረ። ልጄ ቆማ መሄድ ጀምራለች፤ ዛሬም «ሕፃኗ» ነው የምትባለው።

3. ለጽሕፈት ቤታችሁ ባመለክት «የአባትየው ደም ነጻ ስለሆነ የአባትነት ምርመራ አቅርቢ» የሚል መልስ ደረሰኝ። ስድብ ነበር፤ ቢሆንም አልሸሸሁም። ምርመራው የባለቤቴን ፊርማ ይጠይቃል። እስክሪብቶውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ ፍየሎቹን ሊያይ ወጣ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም።

4. የገባኝ ልጄ ደም እንዲሰጣት ሆስፒታል በወሰድናት ጊዜ ነው። ነርሷ የልጄን ደም ሥር ፈልጋ አጣች፤ ልጄ ታለቅሳለች። ኔዮፊቶስ ተነሥቶ ትንሿን እጅ በመዳፎቹ መሐል ያሻሽ ጀመር። «መጀመሪያ አሙቂያት። ከአውራ ጣቷ በላይ ያለችውን ሞክሪ፤ እሷ አትሸሽም» አላት። ነርሷ «አንተ ደግሞ ይሄን የት ተማርከው?» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

ስንመለስ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ነገረኝ። በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ለንደን ሲኖሩ እሱም ታላሲሚያ ነበረበት፤ ደም እየተሰጠው ነው ያደገው። በአሥራዎቹ ዕድሜው ደም የሚፈጥሩትን ግንድ ሴሎች ከሰውነቱ አወጡ፤ በዘረመላቸው ውስጥ ያለውን ስሕተት አረሙ፤ በመቅኔው የቀሩትን በኃይለኛ መድኃኒት አጥፍተው የታረሙትን መለሱለት። ዳነ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መዳኑን አልጠላም። ነገር ግን የታረመው ደሙ ነው፤ ለልጅ የሚያወርሰው ዘር እንደነበረ ነው። ሐኪሞቹ ይህን ለእሱም ለእናቱም ነግረዋቸው ነበር። «እማማ አስማለችኝ። ሰው ከሰማ ማንም ልጁን አይሰጥህም አለች» አለኝ። ልጁን የሰጠው አባቴ ነው።

እንግዲህ አማቴ ያን ሁሉ የተናገሩት እያወቁ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። እሳቸውስ ባዳ ናቸው። እሱ ግን ከአንድ ማዕድ እየበላ፣ ሰው ሲጠቁምብኝ እያየ፣ ዝም አለ። «ለጽሕፈት ቤቱ ብቻ ንገርልኝ» ብዬ ለመንኩት። «እናቴን በመንደሩ ፊት እንዴት ውሸታም ላድርጋት?» አለ። እኔን ጋለሞታ ማድረግ ግን አልከበደውም።

5. ክቡር ሆይ፣ ጽሕፈት ቤታችሁም ከድቶኛል። የመረመራችሁት የታረመውን ደም ነው። «ከዚህ በፊት ለደምህ ታክመህ ታውቃለህ?» ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም።

ስለሆነም በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) ባለቤቴ በይፋ ተጠርቶ ስለ ሕክምናው እንዲጠየቅና ከታረመው ደሙ ሳይሆን ሕክምናው ካልነካው ከፀጉሩ ሥር እንዲመረመር፤

ለ) ማረጋገጫው ታርሞ ለቄስ ሳቫስ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው። የአማቴን ስም ከእንግዲህ አልፈልገውም፤ ልጄ በእናቴ ስም ክርስትና ትነሣለች፤

ሐ) ያ ያልተጠየቀው ጥያቄ ከአሁን ጀምሮ ሊጋባ ለመጣ ሁሉ እንዲቀርብ ነው።

የመጨረሻውን የምለምነው ለሰው ብቻ አስቤ አይደለም። ልጄ ለዚያው ሕክምና ተመዝግባለች። ትድናለች፤ የእሷም ደም እንደ አባቷ «ነጻ» የሚል ወረቀት ያወጣል። አንድ ቀን ልታገባ እናንተ ዘንድ መጥታ ክንዷን ትዘረጋለች። መልሱን እኔ አስተምራታለሁ፤ እናንተ ብቻ ጠይቋት።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

ሮዱላ ሐጂስቲሊ
(ፊርማ)