የትዕግሥትን ሐውልት የቀረጹት የአቶ ኤጀታ ዋቅቶላ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኤጀታ ዋቅቶላ ዘወትር እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ እንደነበር በቅድሚያ በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን።

አቶ ኤጀታ ከአባታቸው ከአቶ ዋቅቶላ ገረሱ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጫልቱ በ1949 ዓ.ም. ካራ ሰፈር ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ከእንጦጦ ሥር ድንጋይ ጠራቢዎች ዘንድ ውለው ሙያውን ቀሰሙ። በ1978 ዓ.ም. ከወ/ሮ አገርነሽ ወልደሰንበት ጋር በጋብቻ ተሳስረው ጵርስቅላን ወለዱ።

ጵርስቅላ በ2001 ዓ.ም. ለሥራ ቤሩት ሄደች። ሁለት ዓመት ያህል ትደውል ነበር፤ ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። ሰው ሲጠይቅ ቤተሰቡ "ሥራ በዝቶባት ነው" ይላል። ጠያቂውም "መቼስ የሰው አገር" ብሎ ወሬ ይቀይራል።

በ2006 ዓ.ም. የካ የሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢው ውስጥ በሴት የተመሰለች የትዕግሥት ሐውልት እንድትቆም ፈለገ። ባለጉዳዩ ትዕግሥትን ከዚያ በፊትም እዚያው ያውቃት ነበር። አቶ ኤጀታ ሥራውን ተረክበው ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት ሴት ቀረጹ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ምንያህል "ትዕግሥት ጠባሳ አላት እንዴ?" ቢሏቸው፣ "ይቺ አላት" አሉ። ፊቷንም ከቢሮው መልሰው ወደ ታክሲ መውረጃው አዞሩት።

ጵርስቅላ በልጅነቷ ሾላ ገበያ ወድቃ ቅንድቧን እንደተፈነከተች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተክሌ ግን በምረቃው ዕለት ሐውልቷን ዞረው አይተው፣ "ማንንም አትመስልም፤ ጎበዝ!" አሉ። ሁላችንም ተስማማን።

አግዳሚው ያለው እሷ ፊት ለፊት ነው። ጥበቃው ሱፊያን አቧራውን ያብስላቸው ነበር። አቶ ኤጀታ ቤት ሲመለሱ "የት ዋልክ?" ይባላሉ።

"ስንጥቅ ይኖራት እንደሁ ሳይ።"

"እና?" ይላሉ ወ/ሮ አገርነሽ።

"ደኅና ናት።"

አቶ ኤጀታ በሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውና ሥራ የበዛባት አንዲት ልጃቸው አሉ። እግዚአብሔር መዶሻቸውን ተቀብሎ በማይፈርስ ቤቱ ያሳርፋቸው፤ ለቀሩትም ጉልበት ይስጥልን።

እዚህ ላይ ጽሑፉ አልቆ ነበር። ዛሬ ንጋት ላይ ወ/ሮ አገርነሽ ከድንኳኑ ተነሥተው "መርዶ ያልተነገራት አለች" አሉ። ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ ተከትለናቸው ሄድን። ሱፊያን ማንን ፈለጋችሁ ሳይል በሩን ከፈተ። ወ/ሮ አገርነሽ ሐውልቷ ፊት ቆመው፣ "ጵርስቅላዬ፣ አባትሽ ዐርፏል" አሏት።

ጋሽ ተክሌም፣ መርዶ የሰማ ሰው እንዳይወድቅ እንደሚደረገው፣ ቀድመው በሁለት እጃቸው ክንዷን ያዙ።