ግራኝ ሆኖ የተወለደው ጊታር

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃውን ለመደ ወይስ አሁንም ያስረግምሻል? ጡረታ ከወጣሽ ወዲህ ቤት መዋሉ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጊታሬ በስተቀር የታመመብኝ የለም። እሱም ድኗል፣ አትደንግጪ። ግን ሲታከም ያየሁትን ሳልነግርሽ እስክትመጪ መጠበቅ አቃተኝ።

ተማሪዎቼን እያስተማርኩ ሳለ ጊታሩ ከሆዱ ቋ አለ። ጎንበስ ብዬ ባይ ክሮቹ ከታች የሚታሰሩበት ጥቁር እንጨት፣ ብሪጅ የምንለው፣ ከኋላው ተነስቶ አፉን ከፍቷል። ወረቀት ብሰድበት እስከ ግማሹ ገባ። ዕድሜው ከሁለታችንም የሚበልጥ ዕቃ ነው፤ ክሮቹ እንደተወጠሩ ከቆዩ ብሪጁ የጊታሩን ፊት ገንጥሎ ይዞ ይሄዳል። ቶሎ ብዬ አላላኋቸው። ጎረቤቴ አናጢው ሊያጽናናኝ ብሎ፣ ምን ችግር አለው፣ በሁለት ቡሎን ጥርቅም አድርጌ አስርልሃለሁ አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ጊታሬን አቅፌ ሸሸሁ።

የወሰድኩት እማማ ሙጫ ዘንድ ነው። አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግኑ ሴትዮ ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ክፍላቸው ከጫማ ሰፊው ሱቅ ጀርባ ናት፤ ከቆዳ የሚቀቅሉት ሙጫ ሽታው ገና መንገድ ላይ ይቀበልሻል። ከሱቅ የሚገዛው ፈጣን ማጣበቂያ ዛሬውኑ አይጨርሰውም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለው ወንበር ሰጡኝ።

ሥራቸውን ብታዪ! ብሪጁን በካውያ አሞቁት። ከዚያ በስስ ቢላ ከዳር ከዳር እያባበሉ ገቡበት፤ ከፊቱ አንዲት ስንጣሪ እንኳ ሳትነሳ ለቀቀላቸው። ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። ይህን ጊታር ማነው ወደ ግራ ያዞረው አሉኝ። ማንም አላዞረውም፣ ሲሠራም ለግራኝ ነው፣ ሠሪውም ራሱ ግራኝ ነበር አልኳቸው። አንቺ የነገርሽኝን ነው የነገርኳቸው።

መቼም አትረሺውም። መምህሩ ግራ እጄን በማስመሪያ ገርፎኝ እያለቀስኩ የገባሁ ጊዜ ነው። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ጊታሩን አልጋዬ ላይ አገኘሁት። አንቺም፣ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ነው ያገኘሁት፣ አንድ ግራኝ ሰው ለግራኝ ልጅ ብሎ የሠራው ነው፣ በቀኙ የለመደ ሰው ቢያለቅስም አይጫወተውም አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ እጄን ደብቄ አላውቅም። ዛሬም ከተማሪዎቼ መሀል ግራኝ ሲገጥመኝ በመጀመሪያ የምተርክለት ያንን ሠሪ ነው።

የግራኙን ሠሪ ታሪክ ሲሰሙ እማማ ሙጫ ሳቁ። ብሪጁ ላይ፣ ክሮቹ የሚያርፉባት ቀጭን አጥንት የምትገባበትን ቦይ አሳዩኝ። ሁለት ጊዜ ተቆፍሯል። የመጀመሪያው፣ ለቀኝ እጅ ዘመም ብሎ የተቆረጠው፣ በእንጨት ተደፍኗል፤ ሁለተኛው በተቃራኒው ለግራኝ ዘመም ብሎ ተቆርጧል። ጊታሩ ሲወለድ ቀኝ ነበር፣ እትዬ። ደግሞ ከቀዳዳው በላይ፣ የእኔ ጥፍር በማይደርስበት በኩል፣ ቀለሙ ተፍቆ ተፍቆ እንጨቱ ወጥቷል። እኔ ሁሌ እርጅና ይመስለኝ ነበር። ይሄማ ዓመታት የተጫወተበት ሰው ነው፣ እጁም ቀላል እጅ አልነበረም አሉ። ማን እንደነበረ ጠየቁኝ። እህቴን እጠይቃለሁ አልኳቸው።

አልጠይቅሽም።

ከዚያ ቁርጡን ንገረኝ አሉኝ። ወይ እንዳለ አጣብቀዋለሁ፣ ወይ ሁለተኛውን ቦይ ደፍኜ የመጀመሪያውን እከፍተዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን እንጨቱ ሌላ ቢላ አይችልም፣ የመረጥከው ይጸናል አሉ። ግራ ገብቶኝ ልደርበት ብዬ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ትዝ ያለኝ ምን መሰለሽ? እናታችን ካረፈች በኋላ ሥራሽን ትተሽ ወደ እኔ የመጣሽ ሰሞን ራሴን ስታጥቢኝ ይቧጥጠኝ ነበር። የቀኝ እጅሽ ጥፍር ረጅም፣ የግራሽ ቁርጥ ያለ፣ የግራ ጣቶችሽ ጫፍ ደግሞ እንደ ጫማ ሶል የጠነከረ። ለምን አንዱን እጅ ብቻ ትቆርጫለሽ ብዬ ብነዘንዝሽ፣ ቀኙ ኩሩ ነው፣ መቀስ አያስጠጋም ብለሽ አሳቅሽኝ። ጊታሩ በመጣ ሰሞን መቧጠጡ ቀረ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሳሙናው የተለወጠ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ለጊታሩ ብዬ ጥፍሬን የማሳድገው እኔ ነኝ፤ በግራ እጄ።

እትዬ፣ አመሰግንሻለሁ። ለጫማው፣ ለደብተሩ፣ ስታመም ለነቃሽበት ሁሉ አመስግኜሽ አውቃለሁ። ለዚህኛው ገና ዛሬ መጀመሬ ነው፤ እስካረጅም የምጨርሰው አይመስለኝም። ያንን ግራኝ ሠሪም ውሸት ነው ብዬ ለተማሪዎቼ አላርመውም። ለግራኝ ልጅ ብሎ ጊታር የሠራ ሰው ለመኖሩ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።

በማግስቱ ሄጄ በቀኝ ይሁን አልኳቸው። አንተ ታዲያ በምን ልትጫወት ነው ብለው ተቆጡኝ። ለእኔ አንድ የፋብሪካ ጊታር ገዝቻለሁ፤ ድምፁ ቆርቆሮ ነው፣ ግን እንለማመዳለን። እማማ ሙጫ ሁለተኛውን ቦይ ደፍነው የመጀመሪያውን ከፈቱ፤ አሮጌውን ሙጫ በሞቀ ጨርቅ አጠቡ፤ ትኩሱን ቀብተው ብሪጁን በቦታው አሳረፉትና በሞርሳ ጠፍረው ያዙት። በዳር በኩል ሙጫው ላብ ሲያወጣ፣ ያዘ አሉ። ሲሰጡኝም ባለቤቱ ሲመጣ አንድ ዘፈን ያሰማኝ ብለዋል። ባለቤቱ ሴት ናት አልኳቸው።

ክፍልሽን አዘጋጅቻለሁ፤ ደረጃም የለውም። ጊታሩ መስኮቱ አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ክሮቹን በቀኝ ገጥሜያቸዋለሁ፤ አልቃኘኋቸውም። እንደገባሽ እኔ ዳቦ ልግዛ ብዬ እወጣለሁ፤ ቶሎም አልመለስም።

እኔ ልከፍለው ያልቻልኩትን ውለታሽን ፈጣሪ ይክፈልልኝ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትሽን እስከዚህ ያድርስልኝ።

አደራሽን፣ እስክትመጪ የቀኝ እጅሽን ጥፍር እንዳትቆርጪ።

ግራኙ ወንድምሽ