አባትህ የሚያድሰው ሰደፍ

ካይሮ ላለኸው ልጄ አሚኑ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የሰው አገር ብርድና ሙቀት አይንካህ፤ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ እንሰቱም ደርሷል።

አባትህና አጎትህ ሸረፋ ግን በእንሰቱ ድንበር ተጣልተው የአያትህን ጠመንጃ ሲናጠቁ ሰደፉ ድንጋይ መትቶ ተሰበረ። ሰው አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ አባትህ ጓሮ ተቀምጦ ከዋንዛ አዲስ ሰደፍ ይጠርባል፣ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቃል።

«ለምን ታድሰዋለህ?» ስለው፣ «የአባቴ ጠመንጃ ተሰብሮ አይቀርም» ይለኛል። እንቅልፍ ቢነሳኝ ጥይቱን ወስጄ የቆጮው ጉድጓድ አጠገብ ቀበርኩት።

ትናንት ብረቱን ጥላሸት ቀብቶ እንጨቱ ውስጥ ሊያስተኛው ሲሞክር፣ ጥላሸቱ ነክቶት መፋቅ ያለበትን ቦታ ዓይኑ አልለይ አለው። ሸረፋ በአጥር በኩል ሲያይ ቆይቶ ገባ።

«እዚህ ጋ ጠቁሯል፤ ፋቀው» አለው።

አባትህ ፋቀ። ብረቱ ልክ ሲገባ ሸረፋ ያዘለት፣ አባትህ እንጨቱን የተልባ ዘይት ቀባው። ከዚያ ሰላም ሳይባባሉ ተለያዩ።

አሁንም እፈራለሁ፣ ልጄ። ይህን የጎረቤት ልጅ ናት የጻፈችልኝ። አንተ ስትመልስ ግን ደብዳቤውን በሸረፋ ስም ላከው። አባትህ ማንበብ ስለማይችል፣ ሸረፋ ቤታችን መጥቶ ያንብብለት።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፤ በደህና ያገናኘን።

እናትህ ኡሚ፣ ከቡታጅራ