ሠርጉ በፈረሶቹ ግቢ ነው

ሰኞ፣ ግንቦት 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ከቦታ ሁሉ እዚያ! ሎስ አንጀለስ ውስጥ አዳራሽ ጠፍቶ ነው?

ብሩክ ከሥራ ሲወጣ መጣ። ቅዳሜ ልጄን ሜሮንን የሚያገባው ነው፤ ሎንግ ቢች ወደብ ላይ ይሠራል። በሩን ስከፍትለት «ጋሼ፣ ሰርፕራይዝ!» አለኝ። ሠርጉ አንተ ታስተዳድረው በነበረው የፈረስ ግቢ ነው አለኝ። ፈረስ የለም አሁን፤ የሠርግ ቦታ አድርገውታል። ሁለት ወር ሙሉ ደብቀውኛል። ፌርፋክስ ያለው አበሻ ሁሉ ያውቃል። «ሶ፣ ከእራት በኋላ የቦታውን ታሪክ ትነግረናለህ። አምስት ደቂቃ። ማይክ አለ፣ ኦኬ?» አንቱ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ግን ክፉ ልጅ አይደለም። እኔን ለማክበር ብሎ ነው። ጉዱም እሱ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሽማግሌዎቹ ልጄን ሊጠይቁ የመጡ ቀን ነው ይሄኛው ጉድ የጀመረው። መሪያቸው መኰንን ነበር። ሌላ ቀን አንተ የሚለኝ ጓደኛዬ፣ ለሽምግልና ሲመጣ አንቱ ብሎኝ ቁጭ አለ። የልጁን ዘር ቆጠረ፤ አያቱ ባላባት፣ አጎቱ ዶክተር፣ አክስቱ ባለ ሆቴል። ከዚያ «እርስዎስ?» አለኝ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ካረፈች ሦስት ዓመቷ፤ አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። አራት ሰው ከፊቴ፣ እኔ ብቻዬን። አነስኩ። «አርባ ፈረስ ያለበትን ግቢ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተዳደርኩ ሰው ነኝ» አልኩ። «ያለ እኔ ቃል አንድ ፈረስ ከበር አይወጣም ነበር።»

ያስተዳደርኩት አካፋ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፋንድያ ዛቅሁ።

ለሜሮንም ከሕፃንነቷ የነገርናት ያንኑ ነው፤ አባትሽ ኃላፊ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

የምናገረውን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ውሸት የሌለበትን ብቻ።

ግቢው የባልና ሚስት ነበር። ሁለቱም ሞተዋል።

ፈረሶቹን ፊልም ለሚሠሩ ያከራዩ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሀብታም ልጆች መጋለብ ይማሩበት ነበር።

ባልየው ሲሞት አሮጊቷ ብቻዋን ያዘችው። ፈረሶቹ አንድ በአንድ ተሸጡ። መጨረሻ የሄደችው ነጯ ባዝራ ናት፤ አምባላይ እላት ነበር። መኪናው ላይ አልወጣም ብላ አስቸገረች። እኔ አንገቷን ይዤ «አይዞሽ» ስላት ወጣች። አምናኝ ነው። እስካሁን ይከነክነኛል።

አሮጊቷ ስትሞት ልጆቿ ሸጡት። የገዛው ሰው ነጭ ቀለም ቀባው፣ መብራት ሰቀለበት።

እዚህ ደርሼ፣ እኔስ የቱ ጋ ነበርኩ? እርሳሱን አስቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ፌርፋክስ ወጣሁ። መኰንን ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ሲያየኝ ጮኸ። «የፈረሶቹ ባላባት መጡ! መንገድ ልቀቁ!» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንጀራዬን ይዤ ቶሎ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ሄድኩ። ለማንም ሳልናገር። ሁለት አውቶቡስ፣ ከኖርዝ ሆሊውድ አልፎ ወደ ተራራው ነው፤ ከፌርማታው ደግሞ በእግር። ጉልበቴ አለቀሰ።

ግቢው አላወቀኝም። እኔም ለጥቂት። ትልቁ ጋጣ የጭፈራ አዳራሽ ሆኗል። ወለሉ ፊት ያሳያል። ድርቆሽ የምንከምርበት መጠጥ ይቀዳበታል። ባዝራ የምታምጥበት ክፍል መስተዋት ተደርድሮበታል፤ ሙሽራ የምትለብስበት ነው አሉ። ሽታ የለም። ምንም! እንዲህ ያለ ጋጣ አይቼ አላውቅም።

ሆሴ እዚያው ነው! አብሮኝ ሲዝቅ የኖረው ሜክሲኳዊው ሆሴ። ጸጉሩ ነጭ ሆኖ፣ ወንበር ይደረድራል። ሲያየኝ ወንበሩን ጥሎ «ቁም!» አለኝ። በአማርኛ። ፈረሶቹን በአማርኛ ስለማዛቸው፣ እኔ በሌለሁ ቀን አንታዘዝ ሲሉት የግዱን ተምሮ ነበር። ቁም፣ ሂድ፣ ጎሽ፣ አይዞህ። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ሁለት ሽማግሌ።

ከዚያ እጄን ይዞ ወደ ግድግዳው ወሰደኝ። የግቢው የድሮ ፎቶዎች በመስተዋት ተሰቅለዋል። ባለቤቶቹ በኮርቻ ላይ። ከኋላቸው አንድ ጥቁር ሰው፣ አካፋ በትከሻው፣ ቦቲው እስከ ጉልበቱ በፋንድያ። «አንተ ነህ!» ይለኛል ሆሴ፣ ደረቱን እየነፋ። ሰው በመጣ ቁጥር ይሄ ጓደኛዬ ነው እያለ ያሳይ ኖሯል።

እኔስ ምን አልኩ? የቅዳሜው ሠርግ የልጄ ነው፣ ያን ቀን አውርድልኝ አልኩት። አየኝ። ወንበር ላይ ወጣና አወረደው፣ በፎጣ ጠቀለለው። «እሺ፣ አሚጎ» አለ። ከዚያ ወደ ወንበሮቹ ተመለሰ።

አውቶቡስ ውስጥ አንድ ጊዜም ቀና አላልኩም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ሜሮን ደወለች። «አባዬ፣ ኤክሳይትድ ነህ?» አዎ አልኩ። «ለሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ እኮ፤ ማይ ዳድ ራን ዘ ፕሌስ ብዬ።» ቦታውን የሚመራው አባቴ ነበር ማለቷ ነው። ደስ ብሏታል። ድምፅዋ የእናቷን ይመስላል፣ ስልክ ላይ ይብሳል።

ሱፉ ሰፍቶኛል። ወይ እኔ ጠብቤያለሁ።

ጥሩወርቅ ሆስፒታል ተኝታ «ንገራት፣ እኔ ሳለሁ ንገራት» ብላኝ ነበር። ውሃ ጠጪ ብዬ አለፍኩት።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ነገ ሙሽሮቹ ጉልበት ሲስሙ ከጎኔ ማን ይቀመጥ ብለው ዘመዶች ጠየቁኝ። የሜሮን አክስት ትቀመጥ አሉ። ማንም አይቀመጥም አልኩ። ግትር ነህ አሉኝ። ነኝ።

ምሳ አልበላሁም። መናገሩን ለራሴ አጠናሁት፣ ኃላፊ ነበርኩ እያልኩ። ጥሩ አድርጌ ዋሸሁ።

እሁድ፣ ግንቦት 17

ትናንት ልጽፍ አልቻልኩም።

ሠርጉ ያምራል። ልጄ ያን የባዝራ ክፍል ከፍታ ነጭ ለብሳ ወጣች። ጉልበቴን ሳመች። መረቅኳት። የምርቃቱን ግማሽ ዘለልኩት፣ አላወቁብኝም።

ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ አለ። ደኅና ነኝ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ሆሴ መጣ። ነጭ ሸሚዝ አልብሰውታል፣ ወንበር ተሸክሟል። ሰላም ሊለኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። አላለኝም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እንደማያውቀኝ አለፈ። ሁለተኛም አለፈ። የኔን ውሸት ይጠብቅልኛል! በአንድ አካፋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራን ሰው፣ እሱን እንግዳ አደረግሁት።

ማይኩን ሰጡኝ። መኰንን «ባላባት፣ ቀጥል!» አለ። ሦስት መቶ ሰው ያየኛል። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። እንዲህ አልኩ፤ «ይሄን ግቢ ያስተዳደርኩት እኔ አይደለሁም። እኔ እዚህ ፋንድያ ዛቅሁ። እናንተ የቆማችሁበትን ነው የዛቅሁት። እዚያ ወንበር የያዘው ሰውዬ አብሮኝ ዝቋል። ስሙ ሆሴ ነው። ሽማግሌዎችን ዋሽቻለሁ፣ ልጄንም ዋሽቻለሁ። ጨርሻለሁ።»

ሆሴ አማርኛው አልገባውም፣ ስሙን ብቻ ሰማ፤ ወንበሩን አቅፎ ቀረ። ሄጄ ወንበሩን ከእጁ ተቀብዬ አጠገቤ አስቀመጥኩትና እሱን ቁጭ አደረግሁበት። የጥሩወርቅ ቦታ ላይ። አትቆጣም።

መኰንን መጥቶ ጆሮዬ ላይ «አንተ የማትረባ» አለኝ። «እኔስ አገር ቤት ዳይሬክተር ነበርኩ የምለው ምን ልሁን? ተላላኪ ነበርኩ እኮ! ዝም ብለህ መብላት አቅቶህ ነው?» እየሳቀ ነው፣ እንባውም ይወርዳል። ሙዚቃው ተጀመረ። ብሩክ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ፣ «ጋሼ፣ ኢትስ ኦኬ» አለኝ።

ሜሮን አልመጣችም። ከሩቅ አየችኝ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ስልኩን ቻርጅ ላይ ተክዬ ፊት ለፊቱ ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሜሮን ናት፤ ብቻዋን። ልብሶቼን ልውሰድ ብላ ካርቶን ይዛ ነው የመጣችው። ክፍሏ ገብታ ስታጥፍ ቆየች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ።

«እማዬም ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር። እሷ ንገራት ብላኛለች። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። እሷን አትቀየሚ።»

«ፋንድያው መሰለህ ያናደደኝ?» አለች። «ሆሴም ያውቃል፣ እማዬም ታውቃለች። በዚህ ቤት እንግዳዋ እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው፣ አባዬ?»

በስድሳ ስምንት ዓመትም ይቅርታ ማለት ከባድ ቃል ነው፤ በፋንድያ ቦቲ ሰው መሃል እንደ መውጣት። ግን አልኩት። ሰማችኝ አልሰማችኝ እንጃ።

ካርቶኑን በሩ ጋ አስቀመጠችና ዞረች። «ሌላስ? ሌላ የማላውቀው ምን አለ?»

የለም ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ኩሽና ወስጄ ከምድጃው ጎን ያለውን መሳቢያ ከፈትኩላት። እናትሽ ከሞተች ወዲህ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ነው አልኳት። እንግሊዝኛው አይነበብልኝም። ታነብልኝ የነበረችው እሷ ናት። ለሰው ማሳየት አፈርኩ።

ሜሮን መሳቢያውን አየች። ሦስት ዓመት፣ እስከ አፉ ሞልቷል። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። አንዱን ቀደደች፣ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበር፤ አልፏል። አልተቆጣችም። ሌላውን ቀደደች። የሚጣለውን ለብቻ፣ መልስ የሚፈልገውን ለብቻ። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ይሄን አላውቅም ነበር። እኔ ተቃራኒዋ ተቀምጬ የቀደደቻቸውን ፖስታዎች ሰበሰብኩ።

ሳትስቅ ነው የሄደችው። ካርቶኗን ይዛ ሄደች።

ግማሹን ብቻ አነበበች። ጊዜ ነበራት፤ ገና አልመሸም ነበር። ቀሪውን መሳቢያው ውስጥ መልሳ «ሐሙስ እጨርሰዋለሁ» አለችኝ። አውቃ ያስቀረችው ይመስለኛል።