ስለ ሚልካ የጻፍኩት

ለማከብርዎ አክስቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የቡልቡላ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? መድኃኒቱን ሲሻልዎ እንዳያቋርጡት። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። እዚህ አዳማ ፋብሪካው ውስጥ ሚልካ የምትባል ሸሚዝ ሰፊ ጓደኛ አለችኝ፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በቀደም ብዙ ሸሚዝ ኮሌታው ጠቦ ተገኘና የመስመሩ አለቃ ጥፋቱን እሷ ላይ ላከከ። ልትባረር ሆነ። እኔ የየዕለቱን ሥራ መዝጋቢ ስለሆንኩ ኮሌታው ከቆራጮች ክፍል ጠቦ እንደመጣ አውቃለሁ። ሥራ አስኪያጁ የውጭ ሰው ስለሆነ በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ አቤቱታ አያነብም። ሚልካ ጻፊልኝ ብላ ለመነችኝ።

«በሚልካ በኩል ጥፋት የለም» ለማለት «ኦን ቢሃፍ ኦፍ ሚልካ» ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። ልጅ ሆኜ እርስዎ ደብተሬን ይዘው የነገሩኝ ትዝ አለኝ።

«ሱሃይላ፣ ስለ ሰው ቆመሽ ስትናገሪ ‹ኦን ቢሃፍ ኦፍ› ነው። ሥራው ወይም ጥፋቱ የራሱ የሰውየው ሲሆን ግን ‹ኦን ዘ ፓርት ኦፍ› በዪ።»

ያን ቀን አሥር ጊዜ ስላስጻፉኝ አኩርፌ ነበር። አፉ ይበሉኝ።

የጥፋቱን ዓረፍተ ነገር አስተካከልኩ። ወረቀቱን ስሜን ሳልጽፍበት ላስገባው ነበር ሐሳቤ፤ ግን ስለ ሰው የሚቆም ሰው ስም ያስፈልገዋል። ከታች «ኦን ቢሃፍ ኦፍ ሚልካ» ብዬ ስሜን ጻፍኩበት።

ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶ ማን እንደጻፈው ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። መዝገቡን አስመጣ፣ ኮሌታዎቹን አስለካ። በማግስቱ ሚልካ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እናቷ እማማ ሙሉዬ ከሞጆ ድረስ መጥተው መረቁኝ፤ ማን እንዳስተማረኝ ስነግራቸው ደግሞ እርስዎንም መረቁ።

በቢሮው ስልክ ግን ከእንግዲህ አይደውሉልኝ፤ ያ የመስመሩ አለቃ ከሰኞ ጀምሮ ከመዝገቡ ሥራ አንስቶኛል። አሁን ከሚልካ አጠገብ ማሽን ላይ ነኝ፤ ኮሌታ መስፋት እያስተማረችኝ ነው። ጣቴን ሁለቴ ከመወጋቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እንዳያስቡ።

አላህ ጤናዎን ይመልስልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ያሳደጓት ልጅዎ