ባሕሩን የያዘችው መስመር

ለሩቁ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የቤት ሰውም ሁሉ ደህና ነው። እናትህ ባለፈው ቅዳሜ ከገሱባ መጥተው የአባቴ ሱቅ አረፍ ብለው ነበር። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ በርትተዋል። ዳጣ በርበሬ በጠርሙስ ልከውልሃል፤ የእኛ ትምህርት ክፍል መምህር ያሬድ ለስልጠና ወደ ጀርመን ስለሚመጣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይዞልህ ይደርሳል። ዶክተር የምትባልበትን ቀን ደጋግመው ጠየቁኝ። ሦስት ሳምንት ቀረው አልኳቸው። ፊቴን አይተው ምን ሆነሻል ቢሉኝ ጥርሴን አሞኛል ብዬ ዋሸኋቸው።

ይህ አራተኛው ወረቀቴ ነው፤ ሦስቱን ቀድጃለሁ። ስቀመጥ መነሳት፣ ስነሳ መቀመጥ ያሰኘኛል። ትናንት የማገኘው ሰው ሳይኖር ከዩኒቨርሲቲው ግቢ እስከ መሃል ከተማው አራዳ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። እንግዲህ ልናገረው።

ወሰንየለሽ የምትባል የማስተርስ ተማሪ አለችኝ። አንተና እኔ አብረን ባሳተምነው ጽሑፍ መሠረት የኮምፒውተር የውቅያኖስ ሞዴላችንን እንደገና እያስኬደች ነው። ሰኞ ቢሮዬ መጥታ፣ የባሕሩ ላይ ላዩ ሙቀት ከልኬቱ ጋር እንዲህ ሲገጥም ሃምሳ ሜትር ወረድ ሲሉ ለምን ይስታል ብላ ጠየቀችኝ። ይቺ ልጅ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም።

የአንተ ቀመር ነፋስ በደከመበት ቀን ከውሃው በትነት የሚሄደውን ሙቀት የሚያሰላ ነው። ባሕሩ ከፀሐይ የተቀበለውንና ለአየሩ የሰጠውን ራሱ አስልቶ ሙቀቱን እንዲያገኝ ነበር ሐሳባችን። ኮዱ ውስጥ ግን አንዲት መስመር አለች። የላዩ ውሃ ከተለካው ሙቀት በራቀ ቁጥር እየጎተተች ትመልሰዋለች፤ ሲግል ታቀዘቅዘዋለች፣ ሲቀዘቅዝ ታሞቀዋለች። ሞዴሉ እስኪረጋ ብዬ ያስገባኋት እኔ ነኝ። መልሱን በእጁ ሰጥተን የፈተነውን ተማሪ አንደኛ ወጣ ብለን ጻፍን ማለት ነው። መስመሯ ስትወጣ ውሃው በሞዴሉ ሦስተኛ ዓመት አራት ዲግሪ ይግላል። ቀመርህ ያለ እርሷ በራሱ አልቆመም።

ወሰንየለሽ ይህንን መመረቂያዋ ላይ ትጽፈዋለች፤ ተይው አልላትም። የአንተም የዶክትሬት መመረቂያ የመጀመሪያ ምዕራፍ ያው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ፈታኞችህ ፊት ከምትቆምበት ከዲፌንስህ በፊት ለአማካሪህ ራስህ ንገረው፤ ከሌላ ሰው ከሰማ ግን አበቃልህ። ጊዜ ይጨምሩልህ ይሆናል። ኮዱን ዛሬ በኢሜይል ልኬልሃለሁ። መብራት እየጠፋ ሥራው ሲቋረጥ ባልደረባዬ መስመሯን ማውጣት ረሳች በለው። አንተ አታውቅም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

እስከዚህ ያለውን ተርጉመህ ልታሳየው ትችላለህ። ከዚህ በታች ያለው ግን ያንተ ብቻ ነው።

አልረሳኋትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትለኝ እቀበላለሁ። ጽሑፋችንን ከመላካችን በፊት፣ ያን ሐሙስ ጠዋት መስመሯን አውጥቼ ባሕሩ ሲግል በዓይኔ አይቻለሁ። ልነግርህ ስጠብቅህ ከሰዓት በኋላ መጣህና ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመህ፣ "ሞዴሉ በራሱ ካልቆመ የጀርመኑን የትምህርት ዕድል ትቼ እቀራለሁ፤ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ" አልከኝ። እየሳቅህ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን ግን ፓስተራችሁን ጨምረህ በስም ጠራህልኝ። አባቴን አውቀዋለሁ። እንግዳ ያከብራል፣ ሻይ ያስቀዳላቸው ነበር፤ ከዚያ ሃይማኖታችን ለየቅል ነው ብሎ በትሕትና ይመልሳቸው ነበር። አንተም ጀርመኑንም እኔንም አጥተህ እዚህ ትቀር ነበር። እንዲህ ሆነህ ከማይህ ብዬ፣ ከበሩ ዞር እንዳልክ መስመሯን መልሼ አስገባኋት። በማግስቱ ግራፉን ሳሳይህ እንዴት እንደዘለልክ አይረሳኝም። እኔም አብሬህ ዘለልኩ።

ተቆጣኝ፤ መብትህ ነው። ብቻ ለእናትህ ቀኑ መራዘሙን አንተው ንገራቸው፤ እኔ ሌላ ጥርስ አላገኝም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ከሌላ ሰው ሽማግሌ ቤታችን መጥቶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የመለሰው አባቴ አይደለም።

አላህ የእውነቱን መንገድ ያቅልልህ፤ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፤ እናትህን በጤና አቆይቶ ለዓይንህ ያብቃቸው።

የላቦራቶሪ ባልደረባህ